ፍሬሽ፦ ከመጀመሪያው ሚድ (አጋማሽ ፈተና) በፊት ምን ልወቅ?

ሐመልማል

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። የፍሬሽ (የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት) ጥሪ ወጥቷል፤ ምደባዬ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ናቹራል ሳይንስ። «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» ያለኝ ሰው ብዙ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው፤ እኔ ግን ዝርዝሩን ነው የምፈልገው። ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ሌላ ምን ይያዛል? ግሬድ በትክክል እንዴት ይሠራል፣ የመጀመሪያው ሴሚስተርስ ብዙ ሰው የሚጥለው ለምንድን ነው? ምግቡስ ካፌ (ከግቢው መብላት) ይሻላል ወይስ ነን ካፌ (ገንዘቡን መቀበል)? የምታውቁ ንገሩኝ።

መቅረዝ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ከወረቀቱ እንጀምር። የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ ከ9 እስከ 12 ያለው ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ውጤትና ፋይዳ፤ ሁሉንም ዋናውንና ሦስት ሦስት ኮፒ። 3 በ4 ጉርድ ፎቶ ማስታወቂያው 4 ቢልሽ 8 ያዢ፤ ሬጅስትራሩም (መዝጋቢው ቢሮ) ዶርሙም ክሊኒኩም ይጠይቅሻል። ኮፒውን ከቤትሽ አስነስተሽ ሂጂ፣ በምዝገባ ሳምንት የግቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰልፉ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ዋናዎቹ ወረቀቶች ሻንጣ ውስጥ አይገቡም፤ ከትከሻሽ በማይወርድ ቦርሳ ይያዙ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ፤ የስምሽ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ። ትራንስክሪፕትሽ ላይ ያለውና ፋይዳሽ ላይ ያለው በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ፣ ምዝገባ ላይ ማንም ያላየው ስህተት ዲግሪ ሲታተም ይወጣል። ከመሄድሽ በፊት አስተያዪው። ሬጅስትራር ሲመዘግብሽም ስክሪኑን አሳዩኝ ብለሽ ስምሽን አንብቢ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ሁለት ሹራብ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ማታ ከላይብረሪ ስትመለሺ የሚለበስ ጃኬት ያስፈልግሻል። ሰመራ፣ ጋምቤላ ወይም አርባ ምንጭ የደረሳችሁ ደግሞ ብርድ ልብሱን ቀንሳችሁ ስስ አንሶላ ጨምሩ። ጋምቤላና አርባ ምንጭ አጎበር የግድ ነው፤ እዚያ ትኩሳት ከተሰማችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ ሳታሳድሩ በዚያው ቀን ደም ተመርመሩ።

ለዶርም፦ ጠንካራ ጓጉንቸር ከነመለዋወጫ ቁልፉ (አንዱን ቁልፍ ለምታምኛት ልጅ ስጪ)፣ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን፣ ነጠላ ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ ኤክስቴንሽን። ውኃ በተቋረጠ ጊዜ ጀሪካን የሌለው ሰው ለማኝ ነው የሚሆነው። ስቶቭ አትያዢ፤ ክልክል ነው፣ ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ) ይወስደዋል፣ ስቶቩ የሕንፃውንም መብራት ያጠፋል። ደረቅ ስንቅ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ከሁለት ሳምንት የሚበልጥ ባትጭኚ ይሻላል።

የቁጥር ሰው

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

በአብዛኛው ኮርስ ከ100ው ግማሽ የሚሆነው ከፋይናል (ከመጨረሻው ፈተና) በፊት ያልቃል። ኩዊዝ፣ ቴስት፣ አሳይመንት፣ ሚድ ተደምረው 50 ገደማ፣ ፋይናል ቀሪው 50። ክፍፍሉ መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት በሚሰጠው ኮርስ አውትላይን ላይ ተጽፏል፤ ፎቶ አንሺው። ብዙ ፍሬሽ «ፋይናል ላይ እክሰዋለሁ» ብሎ ነው የሚወድቀው። ሒሳቡን ተመልከቺ፦ ከ50ው 31 ይዞ ፋይናል የገባ ሰው ሲ (50) ለማግኘት 19 ይበቃዋል፣ ሲ ፕላስ (60) ለማግኘት 29 ያስፈልገዋል፣ ቢ ፕላስ (75) ከፈለገ ግን ከ50 44 ማምጣት አለበት። 31 መጥፎ የሚባል ውጤት አይደለም፤ ግን የቢ ፕላስን በር ግማሽ ዘግቶበታል። 22 ይዞ ለገባ ሰው ለሲ ብቻ 28 ያስፈልጋል።

ግሬዱ ወደ ነጥብ ሲቀየር ደረጃዎቹ እኩል አይደሉም። ኤ 4.0፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3.0፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ 2.0፣ ሲ ማይነስ 1.75፣ ዲ 1.0፣ ኤፍ 0። ከ79 ወደ 80 (ከቢ ፕላስ ወደ ኤ ማይነስ) መውጣት 0.25 ነው የሚጨምርልሽ። ከ44 ወደ 45 መውጣት ግን ከዲ ወደ ሲ ማይነስ ስለሆነ 0.75 ይጨምራል፤ በአንድ ማርክ! ስለዚህ የፋይናል ሳምንት ሰዓት ስታከፋፍዪ ለምትወጂው ኮርስ ሳይሆን 40ዎቹ ውስጥ ለተንጠለጠለው ቅድሚያ ስጪ። ብዙ ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ሳይኮሎጂ ደስ ስለሚል ሳይኮሎጂ ሲያነብ ያድራል፣ ማትሱ ይገድለዋል።

ጂፒኤ (አማካይ ነጥብ) አሠራሩ ይህ ነው። የእያንዳንዱን ኮርስ ነጥብ በክሬዲት ሰዓቱ (በኮርሱ ክብደት) አባዢ፣ ደምሪ፣ ለጠቅላላው ክሬዲት አካፍዪ። ምሳሌ፣ ስድስት ኮርስ ባለ 3 ክሬዲት፦ ኢንግሊሽ ቢ፣ ሳይኮሎጂ ኤ ማይነስ፣ ሎጂክ ሲ ፕላስ፣ ማትስ ሲ፣ ጂኦግራፊ ቢ ፕላስ፣ ፊዚክስ ሲ ማይነስ። የነጥቦቹ ድምር 16.5፣ በ3 ሲባዛ 49.5፣ ለ18 ሲካፈል 2.75። ማትሱ ቢ ቢሆን ኖሮ 2.92 ይሆን ነበር። ይህች ትንሽ ልዩነት ዓመቱ ሲያልቅ ዲፓርትመንት ምርጫ ላይ አንዱን ሰው ከመስመሩ በላይ፣ ሌላውን ከታች ታደርገዋለች። ስፖርቱ በአብዛኛው ፓስ ወይም ፌል ነው፣ ጂፒኤ ውስጥ አይገባም፤ ግን ካልተገኘሽ ትወድቂበታለሽ።

ብዙ ሰው የሚጥለው ለምንድን ነው ላልሽው፦ የ12ኛ ፈተና ሙሉ በሙሉ ከአማራጮች መልስ መምረጥ ነው። ግቢ ስትገቢ ግን በተለይ ማትስና ፊዚክስ ላይ ወርክአውት ይመጣል፤ መልሱን ብታውቂም ደረጃዎቹን ካልጻፍሽ ማርክ የለም። ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። የፍሬሽ ጥሪ ሲዘገይ ሴሚስተሩ ያጥራል፣ ሚድ በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ይደርሳል፤ ሰው ገና ካፌውን ከላይብረሪው ሳይለይ 20 ማርክ ያልፈዋል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት የመላመጃ ጊዜ ተብለው የሚተዉ አይደሉም፤ እነሱ ራሳቸው ውጤት ናቸው።

ፋኖስ

ወንድማችን በደንብ አስረድቷል። እኔ ኮርሶቹን ልጨምር፣ ሰው በተደጋጋሚ የሚሳሳትባቸውን ቦታዎች።

ሎጂክ (ክሪቲካል ቲንኪንግ)። ሰው ትርጉም ይሸመድዳል፣ ፈተናው ግን አንቀጽ ሰጥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ይላል። መጀመሪያ የሚምታታው ቫሊድ መሆን (መደምደሚያው ከፕሪሚሶቹ፣ ከመነሻ ሐሳቦቹ፣ መከተሉ) እና እውነት መሆን ነው። «ዓሣ ሁሉ ይበራል፤ አንበሳ ዓሣ ነው፤ ስለዚህ አንበሳ ይበራል» የሚለው ቫሊድ ነው፤ ፕሪሚሶቹ ውሸት ስለሆኑ ግን ሳውንድ (ቫሊድም እውነትም) አይደለም። ይህን ሳያጠሩ ወደ ፋላሲ (የክርክር ስህተት) መግባት ከንቱ ድካም ነው። ፋላሲዎቹን ደግሞ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አጥኑ፣ ፈተና የሚወጣው ከሚመሳሰሉት ነውና። ስትሮው ማን የሌላውን ሐሳብ አጣሞ ያጣመመውን ይመታል፤ ሬድ ሄሪንግ ሐሳቡን ሳይነካ ወሬውን ወደ ሌላ ይወስዳል። «ይህን የሚለው ጥቅም ስላለው ነው» ከተባለ አድ ሆሚነም ሰርከምስታንሻል፤ «አንተስ ራስህ ታደርገው የለም ወይ» ከተባለ ቱ ኮክዌ። ለእያንዳንዱ ፋላሲ ከገበያ፣ ከታክሲ፣ ከፌስቡክ ክርክር ሁለት ሁለት የራሳችሁ ምሳሌ በአማርኛ ጻፉ። በራስ ምሳሌ የተያዘ ነገር ፈተና ክፍል ውስጥ አይጠፋም።

ማትስ ለናቹራል። ሞጁሉ የሚጀምረው በፕሮፖዚሽናል ሎጂክና በሴት (ስብስብ) ነው፤ ቀላል ይመስልና ሰው ይዘናጋል። «ፒ ከሆነ ኪው» የሚለው ውሸት የሚሆነው ፒ እውነት ሆኖ ኪው ውሸት ሲሆን ብቻ ነው። ፒ ውሸት ከሆነ መላው ዐረፍተ ነገር እውነት ነው፤ ትሩዝ ቴብል ላይ አብዛኛው ስህተት እዚህ ነው። ኮምፕሌክስ ነምበር ላይ ደግሞ አርጉመንት (የነጥቡ ማዕዘን)። ኔጌቲቭ 1 ፕላስ አይ ሲሰጣችሁ ካልኩሌተሩ 45 ዲግሪ ኔጌቲቭ ያወጣል፤ ነጥቡ ግን ሁለተኛው ኳድራንት ላይ ስለሆነ መልሱ 135 ነው። ካልኩሌተር ከመንካታችሁ በፊት ነጥቡን ሣሉት። አርጉመንቱ ከተሳሳተ በሱ የሚሠሩት የዲ ሞይቨር ቀመርም ሩት (ሥር) ማውጣቱም ተከትለው ይሳሳታሉ፣ የ8 ማርክ ጥያቄ በአንድ ምልክት ይሄዳል።

ፊዚክስ ላይ የማውቀው ትልቁ ኪሳራ ዩኒት ነው። ሴንቲሜትርን ወደ ሜትር፣ ግራምን ወደ ኪሎ ግራም ሳይቀይሩ ማስገባት። ከጥያቄው ሥር የተሰጡትን በሙሉ በኤስአይ (በሜትር፣ በኪሎ ግራም፣ በሰከንድ) ጽፎ መጀመር ልማድ ይሁን።

ሞጁሉን አትፍሩት። 180 ገጽ ቢሆን በ12 ሳምንት ሲከፈል በሳምንት 15 ገጽ ነው። የማይሆነው 180ውን በአንድ ሌሊት ለመቸከል ሲፈልጉ ነው።

ሐመልማል

በጣም ነው የማመሰግነው ወንድሞቼ፣ ሁሉንም ደብተር ላይ ገለበጥኩት። መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲያወራ የማይገባኝ ከሆነስ? ግሩፕ አሳይመንትስ እንዴት ነው?

ፋኖስ

ከክላስ በፊት ያለውን ማታ የነገውን ርዕስ ከሞጁሉ አምስት ገጽ አንብቢ፣ ሙሉ በሙሉ ባይገባሽም። ቃሉን ቀድመሽ በዓይንሽ ካየሽው ጆሮሽ ይይዘዋል፤ ያላየሽውን ቃል ግን ስንቴ ቢደግመው አትሰሚውም። ኖት ስትይዢ ስላይዱን አትገልብጪ፣ ስላይዱ በቴሌግራም ይመጣል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚሠራውን ምሳሌና «ይህን ልብ በሉ» ያለውን ጻፊ። ቋንቋው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ይከፈታል፣ ክላስ ካልቀረሽ።

መቅረት ካልን፦ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ 80 በመቶ መገኘትን ይጠይቃል። በሳምንት 3 ሰዓት ያለው ኮርስ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ የሚፈቀድልሽ ወደ 9 ሰዓት፣ ማለት የሦስት ሳምንት ክላስ ብቻ ነው። ዘግይቶ የመጣ ሰው ከዚህ ላይ ስንቱን እንደበላ ይቁጠር።

ጭኮ

ግሩፕ አሳይመንት ላይ ሁልጊዜ የሚሆነው አንድ ነው፤ ሰባት ሰው ተመድቦ ሁለት ሰው ይሠራል፣ አንድ ሰው ፕሪንት ያደርጋል፣ አራቱ ስም ያስገባሉ። አሳይመንቱ በተሰጠ ቀን፣ ሰው ሳይበተን፣ እዚያው ክፍሉ በር ላይ ሥራውን ተካፈሉ። ማን የትኛውን ክፍል እስከ መቼ እንደሚያመጣ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ በጽሑፍ ይቀመጥ። የመጨረሻው ቀን ከመምህሩ ቀን ሦስት ቀን ይቅደም፣ መብራት ይጠፋል፣ ፕሪንተር ይበላሻል። ፕሬዘንቴሽን ካለ ሁሉም ሰው ሙሉውን ያንብብ፤ መምህራን የሚጠይቁት ዝም ያለውን ልጅ ነው።

ወለላ

ካፌና ነን ካፌን በተመለከተ። ስትመዘገቢ ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት ውል) ትፈርሚያለሽ። የምትጋሪው የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶና የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ ነው፤ የምትከፍዪው ሥራ ስትይዢ ከደሞዝሽ በመቶኛ እየተቆረጠ ነው። ምግቡን በዓይነት (ካፌ) ወይም በገንዘብ (ነን ካፌ) ብለሽ የምትመርጪው እዚያው ፎርም ላይ ነው። አንዴ ከፈረምሽ በየወሩ አትቀያይሪውም።

የኔ ምክር ለመጀመሪያው ሴሚስተር ካፌ ነው። ሒሳቡን ራስሽ ሥሪው፦ የሚሰጠውን ወርኃዊ ገንዘብ ለ30 አካፍዪ፤ በግቢው ዙሪያ አንድ ሽሮ በእንጀራ ስንት እንደሆነ ጠይቂ፤ በሁለት አባዢና ቁርስ ጨምሪበት። ከቤት የሚደጎም ከሌለ በአብዛኛው ቦታ አይበቃም። ሌላው፣ ገንዘቡ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ዘግይቶ ሊገባ ስለሚችል የአንድ ወር ከግማሽ ራስን መቻያ ያልያዘ ሰው ችግር ላይ ይወድቃል።

ጭኮ

ወለላ፣ በዚህ አልስማማም። ጨጓራ ያለበት ወይም ካፌው የማይስማማው ሰው አለ፤ ሰልፉም በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሦስት አራት ልጆች ተባብረው ከአንዲት ምግብ ቤት ጋር በወር ኮንትራት ቢበሉ ዋጋው በደንብ ይወርዳል።

ወለላ

ኮንትራቱ እውነት ነው፣ ይሠራል። ግን አብረውሽ የሚበሉትን ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት አታውቂያቸውም፣ ፎርሙ የሚፈረመው ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ጨጓራ ያለበት ሰው የሐኪም ወረቀት ይዞ ይምጣና ከመጀመሪያው ነን ካፌ ይፈርም። ለሌላው ሰው በካፌ መጀመር ነው። ሚል ካርድሽን (የምግብ ካርድሽን) ደግሞ እንደ መታወቂያሽ ጠብቂው፤ ከጠፋ ምትክ እስኪሠራ ቀናት ይፈጃል፣ እስከዚያ ከኪስሽ ነው።

መቅረዝ

ሳልረሳው፣ ትኋን። ዶርም ስትገቡ ዕቃችሁን አልጋ ላይ ከመጣላችሁ በፊት የፍራሹን ስፌትና የአልጋውን ብረት መጋጠሚያዎች በባትሪ ዕዩ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ አለ ማለት ነው። ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም፣ ውስጡ አይሞቅም። መጋጠሚያዎቹ ላይ የፈላ ውኃ አፍስሱ፤ ከ50 ዲግሪ በላይ እንቁላሉም ይሞታል። አንሶላና ልብሱን በፈላ ውኃ ዘፍዝፉ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ቀን ካላደረጉት ከጎረቤት አልጋ ይመለሳል፤ በሳምንቱም ድገሙት። ለፕሮክተሩ አስመዝግባችሁ ርጭት ጠይቁ።

እናት ዓለም

ልጆቼ፣ ተባረኩ፣ ስታስረዱ ደስ ይላል። የወላጅ ጥያቄ ልጠይቅ። ልጅ በሦስተኛው ሳምንት «ልመለስ፣ አልቻልኩም» እያለ ሲደውል ቤተሰብ ምን ማድረግ አለበት? ትቶ ቢመጣስ ዕድሉ ይቃጠላል?

ወለላ

እናታችን፣ ጤና ይስጥልን። ሦስተኛና አራተኛው ሳምንት ላይ ይህ ስልክ በጣም የተለመደ ነው፤ የመጀመሪያው ግርግር አልቆ ገና ጓደኛ ያልተያዘበት ጊዜ ነው። «ና» ወይም «ቻለው» ከማለትዎ በፊት የትኛው እንዳቃተው ለይተው ይጠይቁት፦ ምግቡ ነው? እንቅልፍ ነው? ትምህርቱ ነው? ገንዘብ አልቆበት ነው? ያስቸገረው ሰው አለ? እያንዳንዱ የተለየ በር አለው። የመኝታ ጉዳይ በፕሮክተር በኩል ዶርም እስከ መቀየር ይደርሳል፤ የሚያስቸግር ሰው ካለ የተማሪዎች ዲን አለ፤ ለሴት ልጅ የሥርዓተ ፆታ ቢሮው አለ፣ በብዙ ግቢ ቱቶሪያልና አቅም ለሌላቸው ድጎማም ይሰጣል። ግቢ ጉባኤ፣ ፌሎሺፕ፣ ጀመዓ፣ እንደ እምነቱ፣ አዲስ ልጅ ፈልገው የሚቀበሉ ናቸው፤ ሲኒየሮቹም ያስጠኑታል።

ስልኩን አይከልክሉት፣ ግን ቀን ይኑረው። ረቡዕ ማታና እሑድ ብለው ቢስማሙ ልጁ በመሀል ያለውን ቀን እዚያው መኖር ይጀምራል። በቀን አራት ጊዜ የሚደውል ልጅ ልቡ ቤት ነው የሚውለው።

አንድ ነገር ግን ከናፍቆት ይለይ። ለቀናት ከአልጋ ካልወጣ፣ ምግብ ከተወ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ወይም መኖር አልፈልግም የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ፣ ያን ዕለት ክሊኒክ መሄድ አለበት። የአንድ የዶርም ጓደኛውን ስልክ ከአሁኑ ይያዙ፤ ያን ቀን የሚጠቅመው እሱ ነው።

የቁጥር ሰው

ስለ መመለሱ እኔ ልጨምር እናታችን። ዕድሉ የሚቃጠለው በመምጣቱ ሳይሆን ሳያሳውቅ በመምጣቱ ነው። ዝም ብሎ ከሄደ ስሙ በየኮርሱ አለ፣ ፈተና ባልተገኘ ቁጥር ዜሮ ይሞላል፣ በመጨረሻ ኤፍ ይሰበሰባል። በሥርዓት ከሆነ ግን ከሬጅስትራር የዊዝድሮዋል (የማቋረጫ) ፎርም ይወስዳል፣ ምክንያቱን ይጽፋል (ሕመም ከሆነ የሕክምና ማስረጃ አያይዞ)፣ ከዚያ ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለበት ማረጋገጫ) ያዞራል፦ ላይብረሪ፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ስፖርት ዕቃ ቤት፣ እያንዳንዱ ይፈርማል። መታወቂያውንና ሚል ካርዱን ያስረክባል። የተፈረመውን ፎርም ኮፒ ሳይዝ ከግቢ አይውጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ሲጠይቅ የሚያቀርበው ያንን ነው። የሪአድሚሽን ማመልከቻ ቀኑ ከምዝገባው ቀደም ብሎ ስለሚያልፍ የዩኒቨርሲቲውን ገጽ እየተከታተለ ይቆይ። ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ «እናዛውረዋለን» የሚል ደላላ ከመጣ ምንም ብር አይስጡ፤ ዝውውር ጠባብ በር ነው፣ በሕጋዊ ማመልከቻ ብቻ ነው የሚሄደው። ግሬድ እናስቀይራለን የሚሉትም እንደዚያው፤ ከተደረሰበት የሚባረረው ተማሪው ነው።

ሐመልማል

ታምሜ ሚድ ቢያልፈኝስ? ይህን ጠይቄ ላብቃ።

የቁጥር ሰው

ከግቢው ክሊኒክ፣ ሪፈር ከተባልሽም ከሆስፒታሉ፣ ቀኑ የተጻፈበትና ማኅተም ያለው ወረቀት ያዢ፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ የተጻፈ ወረቀት ብዙ ጊዜ ተቀባይነት የለውም። ራስሽ መነሳት ካልቻልሽ የክፍል ተወካይዋ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ለመምህሩ በጽሑፍ ትንገርልሽ። ከዚያ በቀናት ውስጥ ለዲፓርትመንቱ ሜክ አፕ (ምትክ ፈተና) አመልክቺ። ፋይናል ያመለጠው ሰው ግሬድ ሪፖርቱ ላይ ኤንጂ (ግሬድ የለም) ወይም ኢንኮምፕሊት (ያልተሟላ) ይወጣለታል፤ ሁለቱም የጊዜ ገደብ አላቸው፣ ካልተከታተልሻቸው ወደ ኤፍ ይቀየራሉ።

ከላይ ያልኩትን አንድ ነገር ላስተካክል፦ ስፖርቱ ፓስ ወይም ፌል ነው ያልኩት በአብዛኛው ግቢ ነው፤ ያንቺ ኮርስ አውትላይን ሌላ ካለ የሱን ተከተዪ። የማስጠንቀቂያና የመባረሪያ መስመሩም በየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሌጂስሌሽን (የውስጥ ደንብ) ላይ ተጽፎ ይገኛል፣ ለመመረቅ ግን ድምር ጂፒኤ 2.00 የግድ ነው። የተማሪ መመሪያውን ፒዲኤፍ ከሬጅስትራር ወይም ከተማሪዎች ኅብረት ጠይቀሽ በመጀመሪያው ሳምንት አውርጂው።